የቀዝቃዛው ውሃ ከተማና የፍል ውሃው በረሃ

አዲስ አበባና ናይሮቢ የተቆረቆሩበት ዘመን ሲተያይ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሁለቱም በደጋ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ከታላቁ ስምጥ ሸለቆ ብዙ አይርቁም፤ ሁለቱም ለቦታቸው መመረጥ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ውሃ ነው። ይሁን እንጂ የአንዱ ውሃ ፍል ሲሆን የሌላው ቀዝቃዛ ነበር። ናይሮቢ የሚለው ስም የመጣው ማሳዮች «ኤንካሬ ናይሮቢ» ብለው ከሚጠሩት ወንዝ ሲሆን ትርጉሙም ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። አዲስ አበባ ግን እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃው አካባቢ ቤት ባሠሩ ጊዜ ያወጡት ስም መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

እኛ በናይሮቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ታሪክ የምናስተምር መምህራን ይህን ንጽጽር በክፍል ውስጥ ባነሳን ቁጥር ተማሪዎቻችን «ታዲያ እዚህ አገር ፍል ውሃ የለም ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። አለ። ከናይሮቢ 110 ኪ/ሜ ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወረድ በማጋዲ ሐይቅ ዳር ከምድር እየፈላ የሚወጣ ውሃ አለ። ከተማሪዎቻችን ጋር ወርደን ያየነውም እሱን ነው። ዳሩ ግን አንዱ ፍል ውሃ ቤተ መንግሥትንና ዋና ከተማን ወደ ራሱ ሲጠራ፣ ሌላው ፋብሪካንና የባቡር ሐዲድን ብቻ ጠርቶ እስከ ዛሬ በረሃ ሆኖ የቀረው ለምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ብለን ካላመለከትን በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

መጀመሪያ ከራሳችን እንነሳ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸው እንጦጦ ነበረች። እንጦጦ ከጠላት ለመጠበቅ የምትመች፣ ዙሪያ ገባዋን የምታሳይ ከፍተኛ ቦታ ናት። ነገር ግን ብርዱና ነፋሱ የበረታ ነው፤ የማገዶ እንጨቱም ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። ከዚህም የተነሳ ንጉሡና መኳንንቱ ወደ ቆላማው ሜዳ እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ፣ በዙሪያውም ድንኳን እየተከሉ ይሰነብቱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በአቅራቢያው ቤት እንዲሠራላቸው ካስደረጉ በኋላ መኳንንቱም በየኮረብታው ላይ ሰፈር ያዙ። ለጥቂት ቀን መታጠቢያ ተብሎ የተጀመረው ሰፈር ከተማ ሆነ። በዓለም ላይ በፍል ውሃ ዳር የተመሠረቱ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ሮማውያን በእንግሊዝ አገር የቆረቆሯት ባዝ የተባለችው ከተማ አንዷ ናት። ዋና ከተማ ለመሆን የበቁት ግን ጥቂት ናቸው።

ይሁንና ይህን ውሃ ያገኘው የሸዋ ቤተ መንግሥት አይደለም። ቦታው ከዚያ በፊት ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ በዙሪያውም የጉለሌና የሌሎች ጎሣዎች ኦሮሞዎች ከብት እያረቡ ይኖሩበት ነበር። ኦሮሞ ከብቱን በየጊዜው ማዕድን ወዳለበት ውሃ ነድቶ ያጠጣል፤ እንዲህ ያለውም ውሃ ሆራ ይባላል። ከብቱ ሆራ ሲጠጣ ይሰባል፣ ወተቱም ይበረክታል። ስለዚህ ለአርቢው ይህ ውሃ ገላ የሚታጠቡበት ብቻ ሳይሆን የሀብት ምንጭ ነበር። ከተማው ሲሰፋ እነዚህ ሰዎች ከመሬታቸው ተነሥተዋል። ስለ ማሳዮች የምንጽፈው ከዚህ በታች ስለሚመጣ፣ የራሳችንን አስቀድመን ሳንናገር የሰው አገር ታሪክ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ለታሪክ መምህር የሚገባ መስሎ አልታየንም።

ወደ ናይሮቢ እንመለስ። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚዘልቀውን የባቡር ሐዲድ መሥራት የጀመሩት በ1896 ነበር። ለሥራው ወደ 32 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችን ከሕንድ አመጡ፤ ከነዚህም 2,500 ያህሉ በበሽታ፣ በአደጋና በአውሬ አልቀዋል። ሐዲዱ በግንቦት 30 ቀን 1899 ከሞምባሳ 530 ኪ/ሜ ያህል ርቀት ላይ ካለ ጨፌማ ሜዳ ደረሰ። ቀጥሎ ያለው አገር ወደ ደጋው የሚወጣ ዳገት፣ ከዚያም ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርድ ገደል ስለ ነበር፣ መሐንዲሶቹ ዕቃቸውንና ፉርጎዎቻቸውን የሚያከማቹበት ለጥ ያለ ቦታ አስፈለጋቸው። ለባቡሩም ለሰዉም የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ እዚያው ነበር። ማሳዮች ከብቶቻቸውን ያጠጡበት የነበረው ወንዝ በዚህ ሁኔታ የባቡር ጣቢያ ሆነ። በ1905 የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ከሞምባሳ ወደዚያ ተዛወረ።

እዚህ ላይ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩት የሚበጅ አንድ ልዩነት አለ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ይኸውም ከተማይቱ ከተቆረቆረች ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ከተማው ቀድሞ ባቡሩን አስመጣ፤ በናይሮቢ ባቡሩ ቀድሞ ከተማውን ፈጠረ።

ወደ ማጋዲ የሚወስደው መንገድ የንጎንግን ኮረብታዎች አልፎ ይወርዳል። የንጎንግ ስም የተወሰደው ከማሳይኛው «ኤንኮንጉ ኤ ሙኒ» ሲሆን የአውራሪስ ምንጭ ማለት እንደሆነ ይነገራል። ኤንኮንጉ በማሳይኛ ዓይንም ምንጭም ማለት ነው። እኛም «የውሃ ዓይን» እንላለን፤ በግዕዝም ዐይን የሚለው ቃል ለሁለቱም ይውላል፤ ዐረቦችም እንዲሁ። ከእኛ ጋር የሄዱት ተማሪዎች ከጉዞው ሁሉ ይበልጥ የወደዱት ይህን ነገር መሆኑን ስናይ ትንሽ ተገርመናል።

ኮረብታው ታልፎ ቁልቁለቱ ሲጀመር አየሩ በየደቂቃው ይለወጣል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን ማጋዲ ግን 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል። ሹራብ ለብሶ የተነሣ ተማሪ ማጋዲ ሳይደርስ በሸሚዝ ይቀራል። ልምላሜው እየሳሳ ሄዶ ግራርና ቁጥቋጦ ብቻ ይቀራል፤ መሬቱም እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ይወርዳል። እነዚህ ደረጃዎች ምድር የተሰነጠቀችባቸውና የሰመጠችባቸው መስመሮች ናቸው። «ታላቁ ስምጥ ሸለቆ» የሚለውን ስም በመጽሐፉ ያስታወቀው እንግሊዛዊው የመሬት ተመራማሪ ጆን ዋልተር ግሪጎሪ በ1893 ኬንያን በእግሩ ሲያቋርጥ የመረመረው ይህንኑ ነበር።

በመንገዱ አጋማሽ ላይ ኦሎርጌሳይሊ የተባለ ስፍራ አለ። በጥንት ዘመን ሐይቅ የነበረበት ቦታ ሲሆን፣ የጥንት ሰዎች የሠሯቸው የድንጋይ መሣሪያዎች በብዛት ተዘርግተው ይታያሉ። ግሪጎሪ በ1919 ጥቂት አይቶ ነበር፤ ሜሪና ሉዊስ ሊኪ ግን በ1942 ብዙ መቶ መሣሪያዎች አንድ ላይ የተከማቹበትን ቦታ አገኙ። በቁፋሮው ሥራ ከተካፈሉት ውስጥ የጣሊያን የጦር እስረኞች ነበሩበት። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ የሆነው ጣሊያን ከኢትዮጵያ በተባረረ ማግሥት ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከተማረከው ሠራዊቱ ብዙው ወደ ኬንያ ተወስዶ ነበር። አዲስ ሮማዊ ግዛት እናቆማለን ብለው የመጡ ሰዎች በመጨረሻ በማጋዲ መንገድ ላይ የጥንት አፍሪካውያንን ድንጋይ ሲቆፍሩና ሲያጥቡ መገኘታቸው ተማሪዎቻችንን አስቆአቸዋል። በ2018 የታተመ የምርምር ውጤት እንደሚያስረዳው፣ በዚያ አካባቢ ከ300 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ባልጩት የመሰለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት በአሥር ኪሎ ሜትሮች ከሚቆጠር ርቀት እያስመጡ ይጠቀሙ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማጋዲ ይመጣል። ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ ውሃ አይመስልም። 100 ካሬ ኪ/ሜ ያህል ስፋት ያለው ነጭና ሐምራዊ መሬት ነው፤ ነጩ ትሮና የሚባለው የሶዳ ማዕድን ቅርፊት ሲሆን፣ ሐምራዊው ቀለም በጨዋማው ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት የሚመጣ ነው። ማጋዲ የሚለው ቃል ራሱ በስዋሂሊ ሶዳ ማለት ነው። የኬንያ እናቶች ባቄላና በቆሎ ቶሎ እንዲበስልላቸው ቆንጠር አድርገው ድስት ውስጥ የሚጨምሩት ድንጋይ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ሶዳ ያመጣው ፍል ውሃው ነው። በሸለቆው ትከሻ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በስንጥቆቹ በኩል ወደ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ከታች ያለው የእሳተ ገሞራ ዐለት ገና ስላልበረደ ውሃው ይሞቃል፤ ሲሞቅም ከዐለቱ ውስጥ ሶዲየም የተባለውን ንጥረ ነገር እያሟሟ ይሸከማል። ከዚያም በሐይቁ ዳርቻ ባሉት ስንጥቆች ተመልሶ ይወጣል። ከምንጮቹ የሚበዙት ለብ ያሉ ናቸው፤ ከሁሉ የጋለው ግን እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ወንዝ ወደ ሐይቁ ስለማይገባ ለሐይቁ ዘወትር ውሃ የሚሰጡት እነዚህ ምንጮች ናቸው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፤ ሶዳው ይቀራል። ይህ ሥራ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲደጋገም ትሮናው በአንዳንድ ቦታ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ውፍረት አገኘ። እዚህ ላይ የኬሚስትሪና የጂኦግራፊ መምህራን ከታሪክ መምህሩ የበለጠ የሚናገሩት ይኖራቸዋል።

የባዮሎጂ መምህራንም አይቅርባቸው። በእነዚህ ሙቅ ምንጮች ውስጥ ከጣት የማይበልጥ የቆሮሶ ዘመድ የሆነ ዓሣ ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙ በ1912 የወጣለት ይህ ዓሣ ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ባለው፣ ሌላውን ዓሣ ሁሉ በሚገድል የሶዳ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ይበላል፣ ይራባል። ሌሎች ዓሦች በሰውነታቸው ውስጥ የሚፈጠረውን ቆሻሻ በአሞኒያ መልክ ሲያስወግዱ፣ ይህኛው ግን እንደ ሰው በዩሪያ መልክ ያስወግዳል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የወባ ትንኝ እጭ እንዲበላ ተብሎ ወደ ናኩሩ ሐይቅ ተወስዶ ነበር፤ በዚያም ስለ ተራባ ቀድሞ በብዛት ያልነበሩ ፔሊካን የተባሉ ትላልቅ የውሃ ወፎች ዓሣውን ተከትለው መጡ።

ከቅኝ አገዛዝ በፊት ይህ ስፍራ የማሳዮች ግጦሽ ነበር። ለከብቶቻቸው ጨው፣ ለትምባሆአቸው ሶዳ ያገኙበት ነበር፤ ጎረቤት ሕዝቦችም ማጋዲውን ይገበያዩት ነበር። መገጣጠሚያውን የሚያመው ሰው ደግሞ ፍል ውሃው በረድ ባለበት ኩሬ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ይህ ልማድ ዛሬም አልቀረም፤ ከናይሮቢ የሚመጡ እንግዶችም ይዘፈዘፉበታል። አገራችን ውስጥ ወደ ሶደሬና ወደ ወንዶ ገነት የሚሄደው ሰው ከዚህ የተለየ ነገር አይፈልግም።

እንግሊዞች ግን በማጋዲ ያዩት ሌላ ነገር ነው። የመስተዋትና የሳሙና ፋብሪካዎች ያለ ሶዳ አይሠሩም። በ1904 የቅኝ አገዛዙ መንግሥት የማሳይ መሪ ከሆነው ከኦሎናና ጋር ውል ተዋዋለ። ማሳዮች በባቡር ሐዲዱ አካባቢ ያለውን የስምጥ ሸለቆ ግጦሽ ለነጭ ሰፋሪዎች ለቅቀው በሰሜን በላይኪፒያ፣ በደቡብም በሌላ ክልል እንዲኖሩ፣ ውሉም ማሳይ የሚባል ሕዝብ እስካለ ድረስ እንዲጸና ተጻፈ። ሰባት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1911 ሁለተኛ ውል ተደርጎ በላይኪፒያ ያሉትም ወደ ደቡቡ እንዲወርዱ ተወሰነ። ሰዎቹና ከብቶቻቸው ሲነዱ ብዙ ጉዳት ደረሰባቸው። ይህን የተቃወሙት በኦሌ ጊሊሾ የሚመሩት ማሳዮች ጠበቃ ገዝተው መንግሥትን ከሰሱ። በ1913 ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። ምክንያቱም እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ማሳዮች የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢዎች ስላልሆኑ ውሉ በሁለት መንግሥታት መካከል እንደተደረገ ውል ይቆጠራል፣ ስለዚህም ተራ ፍርድ ቤት ሊያየው አይችልም ተባለ። መሬታቸው ሲወሰድ ተገዢ ናቸው፤ መብታቸውን ሲጠይቁ ሌላ መንግሥት ናቸው። ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የቅኝ አገዛዝን ሕግ ጠባይ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ማሳዮች ሁሉ ወደ ደቡብ እንዲሰበሰቡ በተወሰነበት በዚያው በ1911፣ በደቡቡ በረሃ የማጋዲ ሶዳ ኩባንያ ተቋቋመ። ከዋናው ሐዲድ ኮንዛ ከተባለው ጣቢያ ተነሥቶ ወደ 150 ኪ/ሜ የሚጠጋ ቅርንጫፍ ሐዲድ ተዘረጋ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ዓመታትም ማጋዲ ደረሰ። ሶዳው በባቡር ወደ ሞምባሳ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ውጭ አገር መጓዝ ጀመረ። የመጀመሪያው ኩባንያ ሳይሳካለት ቀርቶ በ1920ዎቹ አጋማሽ ብሩነር ሞንድ በተባለው የእንግሊዝ ድርጅት እጅ ገባ፤ በ2005 ደግሞ ታታ የተባለው የሕንድ ድርጅት ገዛው። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ሕንዳዊው በጉልበቱ ሐዲድ ሊዘረጋ ወደ ኬንያ መጣ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በገንዘቡ መጥቶ የሐዲዱን መጨረሻ ገዛ። የዘመን ነገር እንዲህ ነው።

በመሐል አንድ የሚወሳ ነገር አለ። በ1962 እጅግ ብዙ ፍላሚንጎዎች እንደ ልማዳቸው በናትሮን ሐይቅ መራባት ትተው ማጋዲ ላይ ጎጆ ሠሩ። ጫጩቶቹ በጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሲራመዱ ሶዳው በእግራቸው ላይ እየደረቀ እንደ እግር ብረት ጠፈራቸው። ሌስሊ ብራውን የተባለው የወፎች ተመራማሪና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ሶዳውን ከእግራቸው እየሰበሩ በሺህ የሚቆጠሩትን ነጻ አወጡ፤ የቀሩትንም ሶዳው ወዳልበረታበት ውሃ ነዱአቸው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንምጣ። የፊንፊኔ ፍል ውሃ ከተማ የሆነው በቅርቡ የታጠቀ ቤተ መንግሥት ስለ ነበረና በዙሪያው ያለው መሬት ሕዝብን የሚመግብ ስለ ሆነ ነው። ውሃውን የፈለጉት ሰዎች በዚያው ሊኖሩ የመጡ ነበሩ። የማጋዲን ውሃ የፈለገው ግን ከውሃው የሚገኘውን ድንጋይ ጭኖ ለመሄድ ነበር። ከተማው የኩባንያ ከተማ ነው፤ ሆስፒታሉንም ትምህርት ቤቱንም ያሠራው ኩባንያው ሲሆን፣ የሚጠጣው ውሃ ሳይቀር ከሩቅ ደጋ በቧንቧ የሚመጣ ነው። ፍል ውሃ ሞልቶ በሚፈስስበት አገር ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ወርቅ ይጠበቃል። ባለፉት ዓመታት የካጂያዶ አውራጃ አስተዳደርና ኩባንያው ስለ መሬት ግብር መጠን እስከ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰዋል፤ የአካባቢው ማሳዮችም ከሶዳው የሚደርሳቸው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሲጠይቁ ኖረዋል። ይህ የሌላ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። በእኛም ስምጥ ሸለቆ ከአብያታ ሐይቅ ውሃ እየተሳበ ሶዳ ይመረት ነበር፤ ሐይቁም ከዚያ ወዲህ በብዙ ሸሽቷል። ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ለመስኖ መጠለፋቸውም ለዚህ ድርሻ አለው። የአብያታ አርቢዎችና የማጋዲ ማሳዮች ቢገናኙ የሚነጋገሩት አያጡም ነበር።

ተማሪ ይዘው ወደ ማጋዲ ለመሄድ ለሚያስቡ መምህራን ጥቂት ነገር እናክል። ገና ሳይነጋ መነሣት ይበጃል፤ ከእኩለ ቀን በኋላ በሐይቁ ዳር መቆም ከባድ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ሊትር የመጠጥ ውሃ ይያዝ። የትሮናው ቅርፊት ጠንካራ መስሎ ከሥሩ ጭቃ ሊሆን ስለሚችል ያለ አካባቢው ተወላጅ መሪ አይረገጥ። ምንጩ ከሚወጣበት ጉድጓድ አጠገብ ማንም ተማሪ እጁን አይስደድ፤ መታጠብ የሚቻለው ራቅ ብሎ ውሃው በቀዘቀዘበት ነው። ቴርሞሜትር ያለው ትምህርት ቤት ይዞ ይሂድ። ውሃ በማጋዲ ከፍታ በ98 ዲግሪ፣ በናይሮቢ በ94፣ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የፊዚክስ መምህሩ በምሳ ሰዓት አንድ ማንቆርቆሪያ ጥዶ ይህን ሊያሳይ ይችላል። በመልሱ ጉዞ ላይ ደግሞ ተማሪዎቹ ያለፏቸውን ስሞች፣ ንጎንግን፣ ኦሎርጌሳይሊን፣ ማጋዲን፣ በደብተራቸው ጽፈው የየአንዳንዱን ትርጉም ከአገሩ ሰው ጠይቀው ይምጡ። የእኛዎቹ ሲመለሱ የፊንፊኔን ስም ከዝርዝሩ ራስ ላይ ጽፈውት አገኘን።